ጋሼ የላጡት ሌብል

ሜልቦርን ዳር፣ ላቨርተን ኖርዝ ውስጥ፣ ሰው ገዝቶ የመለሰው ዕቃ ሁሉ የሚሰበሰብበት መጋዘን አለ። የምሠራው እዚያ ነው። ካርቶኑን እከፍታለሁ፣ የተመለሰው ዕቃ የተሸጠው ዕቃ መሆኑን አያለሁ፣ መልሼ አሽጋለሁ። የሰው ልጅ ስንት ዓይነት ተንኮል እንደሚችል ለማወቅ ፍልስፍና መማር አያስፈልግም፤ እኛ ጋ አንድ ሺፍት መግባት ይበቃል። ስልክ የገዛው በስልኩ ፋንታ ሳሙና አሽጎ ይልካል። አዲስ ጫማ የገዛው የአያቱን ጫማ ይመልሳል፤ አንዳንዴማ አያትየው ገና ከውስጡ የወጡ አይመስለኝም፣ ሙቀቱ አለ።

በዚህ ሥራ ምክንያት በሜልቦርን ሐበሻ ዘንድ እንደ ሊቅ እቆጠራለሁ። ማን ሊቅ አደረገህ ብትሉኝ፣ እኔው ነኝ። ሠርግ ላይ ሴቶች ቦርሳቸውን ገልብጠው ያሳዩኛል፣ ወንዶች እግራቸውን አንስተው የጫማቸውን ሶል። ጥያቄው አንድ ነው፤ ኦሪጅናል ነው ወይስ ፎርጅድ? ላጎረሰኝ ሰው ሁሉ ኦሪጅናል ነው እላለሁ። ሳያየኝ ያለፈውን ግን የእናቱን የጋብቻ ቀለበት ሳይቀር ፎርጅድ አደርግበታለሁ።

እውነቱን ለመናገር የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ፎርጅድ ዕቃ እንዲታመን ይቸኩላል። ኦሪጅናሉ ካርቶን ዝም ብሎ ካርቶን ነው፤ ፎርጅዱ ግን ያብረቀርቃል፣ ወርቅ ይቀባል፣ በሦስት ቦታ “እውነተኛ” ብሎ ይምልልሃል። ሳይጠየቅ የሚምልን ሰው እንደምንጠረጥረው ማለት ነው። ዕውቀቴ እዚህ ላይ ያልቃል፤ ካርቶን ከሌለ እኔም የለሁም።

አንድ ቅዳሜ የባለቤቴ አጎት ደወሉልኝ። ጋሼ ኖርዝ ሜልቦርን፣ ኮሚሽን ፍላት ከሚባሉት የመንግሥት ኪራይ ሕንፃዎች በአንዱ፣ ከፍ ያለ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ። ዕድሜያቸውን ታክሲ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ዕቃ የምታይልኝ አለ፣ ና አሉኝ። ምን ዕቃ እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ ስትመጣ ታየዋለህ አሉና፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ባለቤትህን እንዳትይዛት ብለው ጨመሩበት። ከምኖርበት ከብሬብሩክ እስክደርስ ድረስ መንገዱን ሁሉ ሳስብ የነበረው ወርቅ ነው። በዚህ ዕድሜያቸው ሚስት ሊያገቡ ነው፣ ለቀለበቱ አማካሪ ፈለጉ ብዬ የሠርጉን ንግግር ሳይቀር አዘጋጅቻለሁ። መኪና ማቆሚያ ስፈልግ ጢሜ አደገ።

ከሊፍቱ ሳልወርድ ሳላቸውን ሰማሁት። የተለመደው የሽማግሌ ሳል አልነበረም፤ ደረቅ፣ ተከታትሎ የሚመጣ፣ ሰው እያንኳኳ በር ያልተከፈተለት ዓይነት። ሲከፍቱልኝ በአንድ እጃቸው የግራ ጎናቸውን ደግፈው ነበር። አስገቡኝና በሩን ከውስጥ ቆለፉ፣ መጋረጃውን ሳቡ። ከዚያ ከቁም ሳጥን የማርጋሪን ዕቃ አወጡ። ከማርጋሪን ዕቃው ውስጥ በሶፍት የተጠቀለለ ነገር፣ ከሶፍቱ ውስጥ ሦስት ትንንሽ የብርጭቆ ቱቦዎች። እያንዳንዳቸው የሕፃን ጣት ያክላሉ። ውስጣቸው ማር የሚመስል ዘይት አለ፣ ከላይ የሚሳብበት አፍ፣ ከታች ባትሪ ላይ የሚታሰሩበት ጥርስ።

የቬፕ፣ የዚያ የኤሌክትሪክ ሲጋራ፣ ካርትሪጅ መሆኑን መጋዘን ውስጥ ስላየሁ አውቄዋለሁ። የማላውቀው ጋሼ ቤት ምን እንደሚሠራ ነው። ሲጋራ እንኳን ካጨሰ ሰው ጋር ፎቶ የማይነሡ ሰው ናቸው።

ታሪኩን ቀስ ብለው ነገሩኝ። ባለፈው ክረምት አልማዝ ባለጭራ ጎናቸውን ያዛቸው፤ ይህንን አውቃለሁ፣ ሾርባ ይዘን መጥተናል። ቁስሉ ዳነ። ሕመሙ ግን አልሄደም። ነርቩ ውስጥ ቀረ አሉ። ሸሚዝ ሲነካቸው ሽቦ የተሰፋበት ይመስላቸዋል፤ ብርድ ልብስ አይችሉም፣ በግራ አይተኙም፣ በቀኝም ከተኙ ቆይተዋል። የተሰጣቸው ክኒን ራሳቸውን እያዞረ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ጣላቸው። በመጨረሻ አንድ ስፔሻሊስት ካናቢስ አዘዘላቸው። በሕግ፣ በማዘዣ፣ ከፋርማሲ።

“ሐሺሽ?” አልኳቸው።

“ቀስ በል። ግድግዳው ስስ ነው፣ ጎረቤቴ ሐበሻ ናት።”

ካርትሪጁ የሚታሰርበትን ባትሪ ራሳቸው ‘እስክሪብቶው’ ነው የሚሉት። ከደረት ኪሳቸው ሰክተውት ሲታዩ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ይመስላሉ። እና ሠራ። ማታ ማታ ሁለቴ ሳብ ያደርጋሉ፣ ጎናቸው ይለቃቸዋል፣ ይተኛሉ። ያለ ሕመም መተኛት ምን እንደሆነ ሲነግሩኝ፣ ሰው ከወህኒ የወጣበትን ቀን የሚያወራ ይመስሉ ነበር። እኔም የሠርጉን ንግግር ረሳሁት።

ታዲያ ችግሩ ምንድነው? ችግሩ ፋርማሲው አንዲት ሐበሻ ልጅ ካውንተር ላይ ማቆሙ ነው። ያውም እናቷ የዕድራቸው ጸሐፊ የሆነችውን። ጋሼ አንድ ቀን መድኃኒታቸውን ሊወስዱ ሲገቡ አዩዋት፣ ጥርስ ሳሙና ገዝተው ወጡ። በሳምንቱም ተመለሱ፣ አሁንም አለች፣ አሁንም ጥርስ ሳሙና። ቤታቸው ያለው የጥርስ ሳሙና ለአንድ ክፍለ ጦር ይበቃል። ሌላ ፋርማሲ ለምን አልሄዱም ብላቸው፣ ሜልቦርን ውስጥ ሐበሻ የሌለበት ፋርማሲ እስቲ አንድ አምጣ አሉኝ። ማምጣት አልቻልኩም።

መድኃኒታቸው ሊያልቅ ሲል ለቅሶ ቤት አንዲት የሚያውቋት ሴትዮ አጠገባቸው ተቀመጠች። ስለ ጎናቸው ጠየቀቻቸው። እሷም ጉልበቷን የሚያማት ሰው ናት። በጆሯቸው፣ እኔ ሰው አለኝ አለቻቸው።

እኛ ዘንድ ከ‘ሰው አለኝ’ የሚበልጥ ማኅተም የለም። መኪና የሚጠግን ሰው አለኝ፣ ታክስ የሚሞላ ሰው አለኝ፣ ቅቤ ከአገር ቤት የሚያመጣ ሰው አለኝ። ሱቅ ገብቶ በደረሰኝ የገዛ ሰው ሰው የሌለው ተብሎ ይታዘንለታል። አልሳቅኩባቸውም፤ የበረንዳዬን ጣሪያ የሠራልኝም ‘ሰው’ ነው፣ ዝናብ ሲዘንብ ውጭ ቁሜ ነው የምጠለለው። ግን ሞኝነት ብቻ እንዳልሆነም አውቃለሁ። ያደግንበት ሰፈር እህል የሚሸጥልህን ሰው እናቱን ታውቃታለህ። ቢያታልልህ የት እንደምትከሰው ታውቃለህ። እጁ ነበር ሌብሉ። ያንን እጅ ይዘን እዚህ መጣን። እዚህ ግን የሴትዮዋ ሰው ሌላ ሰው አለው፣ የዚያ ሰው ሰው ደግሞ ስልክ ውስጥ ያለ ፎቶ ነው፤ እናቱን ማንም አያውቃት። ሴትዮዋ ለራሷም የምትስበው ያንኑ ነው፤ ተንኮል የላትም።

ሴትዮዋ ያመጣችልዎት ካርትሪጆች የመጡበትን ሳጥን ይግለጹልኝ አልኳቸው። ጋሼ ዓይናቸው በራ። እጅግ ያማረ ነበር አሉ። የማንጎ ሥዕል አለው፣ ፊደሉ ወርቅ ነው፣ ሲያዘነብሉት ቀለሙን የሚለዋውጥ ማኅተም አለው፣ በስልክ አንሡኝ የሚል ባለ ነጠብጣብ ምልክት አለው። የፋርማሲው ሳጥን ግን ነጭ፣ የጨው ሳጥን የመሰለ፣ ስማቸውና የሐኪሙ ስም የተለጠፈበት ብቻ። የትኛው ኦሪጅናል እንደሚመስል ለማንም ግልጽ ነው አሉኝ። እዚህ አገር ሐኪም የሚያዘው ካናቢስ የማንጎ ሥዕል አይለብስም።

“ሳጥኑ የታለ ጋሼ?”

ሳጥኑ በቆሻሻ ቱቦው ወርዷል። የሁሉም ሳጥን። አንሶላ ሊቀይሩላቸው የሚመጡት ዘመዶች እንዳያዩት ነዋ። ሳጥን መጣል ብቻም አይደለም። የፋርማሲው ካርትሪጅ ብርጭቆው ላይ ትንሽ ወረቀት ተለጥፎበት ነበር፤ እሱን በፍል ውሃ ነክረው፣ በቢላ ጀርባ ፍቀው፣ በአልኮል አጥበው ልጠውታል። በነካ እጃቸው የሌሎቹንም አጽድተዋል። ሥራቸውን አደነቅኩ፤ መጋዘናችን ውስጥ ሌብል እንዲህ አድርጎ የሚልጥ ሰው ቢኖር በሁለት ወር አለቃ ይሆናል።

ብፈርድባቸው ግን በራሴ ቤት መፍረዴ ነው። በእኛ ቤት ዕቃና ስሙ ተገናኝተው አያውቁም። በአይስክሬም ባልዲ በርበሬ፣ በጃም ጠርሙስ ኮረሪማ፣ በእርጎ ዕቃ የትናንት ምስር። ልጄ ሕፃን ሳለች ፍሪዘር ከፍታ፣ የቫኒላ አይስክሬም አገኘሁ ብላ በማንኪያ ስትገባበት ቀይ ወጥ ሆኖ ጠበቃት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓለምን አላመነችም። እስከ ዛሬ፣ ሌብል አድርጉበት እንጂ ትለናለች፣ በእንግሊዝኛ። እኛ ደግሞ እንስቃለን። ውስጡን ያስቀመጠው ሰው ያውቀዋላ፤ ለምን ይጻፍበታል?

አሁን ያስቀመጡት ሰው አላወቁትም። ሦስቱ አንድ ማርጋሪን ዕቃ ውስጥ ተቀላቀሉ። አንዱ ከፋርማሲው የተረፈ ነው። ሁለቱ ከሴትዮዋ ሰው ሰው የመጡ ናቸው። አራተኛ ነበረ፣ ማንጎው፤ እሱን ስበው ጨርሰዋል፤ ሳሉ የጀመራቸው እሱን ከያዙ ወዲህ ነው። መጀመሪያ ጉሮሮዬ ነው አሉ፣ ቀጥሎ ብርዱ ነው አሉ፣ አሁን ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። ሳሉ ደግሞ የታመመውን ጎን ይነቀንቀዋል። መድኃኒት ነው ብለው የሳቡት ነገር መድኃኒት የሚፈልጉበትን ቦታ እየወጋቸው ነው።

የፈለጉት ቀላል ነገር ነው። እውነተኛውን ለይልኝ፣ ሁለቱን እጥላለሁ፣ በእሱ ጥቂት ሌሊት እሻገራለሁ።

የስልኬን መብራት አበራሁና አንድ በአንድ አየኋቸው። አዘነበልኳቸው። በአንዱ ውስጥ የአየር አረፋዋ ሮጣ ወጣች፣ በሁለቱ ውስጥ እንደ ጡረተኛ ተራመደች። ኢንተርኔቱን ጠየቅሁት። አንዱ ወፍራሙ ኦሪጅናል ነው ይላል። ሌላው ደግሞ ፎርጅድ የሚሠሩት ሰዎች ይህንን ስለሚያውቁ ለሳንባ መርዝ የሆነ ማወፈሪያ ይጨምሩበታል ይላል። ሳጥኑ ላይ የፊደል ስህተት ፈልግ፣ የተመረተበት ቁጥር እንዳለ እይ፣ ከልክ ያለፈ ተስፋ ከሰጠህ ሽሽ ይላል። የተጻፈው ምክር አብዛኛው ስለ ሳጥን ነው። ሳጥኑ በቱቦ ወርዶ እስካሁን ዌሪቢ የቆሻሻ መጣያ ደርሷል።

“ወፈር ያለው ነው፣ አይደለም እንዴ?” አሉኝ ጋሼ። ‘አዎ’ እንድል ፊታቸው ይለምነኝ ነበር።

ለማለት አፌ ደርሷል። አንድ ቃል ናት። ስንት ሠርግ ላይ ብያታለሁ። ደስ ይላቸዋል፣ አመስግነው ይሸኙኛል፣ እኔም ሊቅነቴ ይቀጥላል። ልክ ያን ጊዜ ሳሉ ያዛቸው። ቁጭ እንዳሉ ጎንበስ አሉ፣ ጎናቸውን ጨመቁ፣ ሳሉ አልለቅም አለ፤ ሲለቃቸው ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። እኔን ላለማየት መስኮቱን አዩ። መስኮቱ መጋረጃ ነው።

“አላውቅም ጋሼ” አልኩ።

“የሰውን ጫማ ሁሉ ስታውቅ ኖረህ?”

“ጫማ ወደ ሳንባ አይገባም።”

ቀጥሎ ወደ ፋርማሲው እንሂድ አልኳቸው። አይሆንም አሉ። የኔ ነው እላለሁ፣ እርስዎ አጠገቤ ቆመው ጥርስ ሳሙና ይግዙ አልኳቸው። አንተማ ብታጨስ ማን ይደነግጣል አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ግን ሳሉን በውክልና ልወስድላቸው አልችልም። በመጨረሻ አንድ ውል ተዋዋልን። እኔ ቀድሜ ገብቼ አያለሁ፤ ልጅቷ ካለች ተመልሼ እነግራቸዋለሁ፣ ከዚያ እሳቸው ይወስናሉ።

አለች። ነጭ ጋውን ለብሳ ካውንተሩ ላይ ቆማለች። ወጥቼ፣ የለችም ልላቸው ነበር፤ ገብተው ፊት ለፊት ይጋጠማሉ፣ ነገሩ ያልቃል። እንዲህ ዓይነት ተንኮል እንኳን ለሕመም ለልደትም አስቤ አውቃለሁ። በሩ ላይ ስደርስ ግን ጋሼ የማርጋሪን ዕቃውን በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ ይዘው፣ ዝናብ እያካፋባቸው ቆመዋል። አለች አልኳቸው።

ትራም አለፈ። ከዚያ ኮሌታቸውን አስተካከሉና ቀድመውኝ ገቡ።

ልጅቷ ስታያቸው ፊቷ ፈካ። ጋሼ ጠፉብን እኮ፣ ሚስ አድርገንዎታል አለች። ከኋላችን መድኃኒት የሚጠብቁ ሁለት ሰዎች ተሰልፈዋል። እኔ፣ ነገሩ እንዲህ ነው፣ አንድ ጓደኛ አለኝ ብዬ ጀመርኩ። ጋሼ በክንዳቸው ገፋ አደረጉኝ፣ የማርጋሪን ዕቃውን ካውንተሩ ላይ አኖሩ፣ ክዳኑን ከፈቱ።

“ልጄ፣ ሐኪም ያዘዘልኝ ሐሺሽ ነው” አሉ፣ በዚያ ታክሲ ውስጥ በኖረ ድምፃቸው። “ከሌላ ሰው ሌላ አመጣሁና ቀላቀልኩት። አሁን ደረቴን አመመኝ።”

ያችን ቃል እሳቸው አፍ ውስጥ ሰምቼ አላውቅም። ቃሏ ወጣች፣ ጣሪያው አልወደቀም፣ ከኋላችን ያሉት ሴትዮ ስልካቸውን ማየት አላቋረጡም።

ልጅቷ ከካውንተሩ ዞራ መጣች፤ በክንዳቸው ይዛ ደም ግፊት ወደሚለኩበት ትንሽ ክፍል አስገባቻቸው። ጣታቸው ላይ ኦክስጅን የሚያይ ነገር ሰካች። መቼ ጀመረዎት፣ ትኩሳት አለ፣ ሲተነፍሱ ይወጋዎታል፣ ሲስቡት ምን ምን ይላል? ጋሼ ሁሉንም መለሱ። የተቃጠለ ብረት ይላል አሉ፤ ሽቶም አለበት፣ ማንጎ ግን በጭራሽ አይደለም። ይህንን ለእኔ አልነገሩኝም። እኔም አልጠየቅኋቸውም፤ የአረፋ ሩጫ ሳይ ነበር።

ሦስቱን ካርትሪጆች ብርሃን ላይ ያዘቻቸው። እኔ እንዳየሁት አየቻቸው። ከእኔ ፈጥና ግን አስቀመጠቻቸው።

“በዓይን አላውቅም ጋሼ። ማንም በዓይን አያውቅም። ሌብሉ ቢኖር ቁጥሩን አይተን እንለየው ነበር። አሁን ሦስቱም መጣል አለባቸው።”

“እውነተኛውም?”

“እውነተኛውም።”

ጋሼ ሦስቱን ቱቦዎች አዩ። አንዱ እንቅልፋቸው ነው፤ የትኛው እንደሆነ ግን ሊሰናበቱት እንኳን አይችሉም። ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት የሚጣልበት ሣጥን ውስጥ ሲገቡ ትንሽ ተንኳኩ፣ እንደ ማንኛውም ብርጭቆ።

ከዚያ ከመጡ ጀምሮ ያፈኑትን ጠየቁ።

“ለእናትሽ ትነግሪያታለሽ?”

ልጅቷን ጥያቄው አስገረማት። “ጋሼ፣ እኔ እኮ ካውንተር ላይ ከመውጣቴ በፊት ዓመት ሙሉ መድኃኒት የሚዘጋጅበት ጓዳ ነበርኩ። መድኃኒትዎን ከረጢት ውስጥ ስከትልዎት የኖርኩት እኔ ነኝ። ደግሞስ ለእማዬ የስንቱን ልንገራት? ብጀምርላት እኮ እራት አንበላም።”

ጋሼ ሳቁ። ሳቁ ወዲያው ሳል ሆነና ጎናቸውን ይዘው ተንበረከኩ ማለት ይቻላል። ከዚያ በኋላ ቀልድ አልነበረም። ሳንባቸው ሳይታይ ምንም ነገር መሳብ አይችሉም አለች፣ እውነተኛውንም ቢሆን። ለስፔሻሊስቱ ትደውላለች፣ በአፍ የሚጠባጠብ የሚታዘዝላቸው እንደሆነ ትጠይቃለች፤ ዛሬ ግን መልስ ላይገኝ ይችላል። ዛሬ ማታ ጎንዎ ያስቸግርዎታል፣ አውቃለሁ አለች። ካርትሪጁን ላመጣችላቸው ሴትዮም እንዳትስብ እንዲነግሯት ለመነቻቸው። ጎረቤት ያለው ክሊኒክ ቅዳሜ ይሠራል፤ ራሷ ደውላ አስያዘችላቸው። እኔ በዚህ ሁሉ መሃል በጸሐይ ቅባት መደርደሪያ አጠገብ ቆሜ ነበር። ሁለቱም ጀርባቸውን ስለሰጡኝ እንጂ ማንም ወደዚያ ሂድ አላለኝም።

ሐኪሙ ወጣት ነው። ሸሚዛቸውን አስወልቆ፣ በታመመው ጎን በኩል እንዳይነካቸው እየተጠነቀቀ ደረታቸውን በብዙ ቦታ አዳመጠ። ጋሼ እንግሊዝኛ ይችላሉ፤ ዕድሜ ልካቸውን ከኋላ ወንበር ሰምተውታል። ያን ዕለት ግን በአማርኛ ካልሆነ አሉ። አስተርጓሚ እኔ ሆንኩ።

እኔ ሳስተረጉም እጨምራለሁ። ሐኪም ‘ጨው ይቀንሱ’ ቢል፣ ‘ጨው ከቀመሱ ሚስትዎ ሌላ ታገባለች ይላል’ ብዬ ነው የማቀርበው። ሰው ይስቃል፣ ጨውም ይቀንሳል።

“ሳንባዬ ተበላሽቷል ወይ በለው” አሉኝ።

ጠየቅሁት። ሐኪሙ ማዳመጫውን አንገቱ ላይ መለሰ፣ እሳቸውን እያየ ተናገረ።

“ገና አላውቅም ይላል። ኤክስሬይ ካየ በኋላም ምን እንደሳቡ ስለማይታወቅ በእርግጠኝነት ላይነግርዎት እንደሚችል ይናገራል። ትንፋሽዎ ከባሰ ሌሊትም ቢሆን አምቡላንስ ይጥሩ ይላል።”

ሌላ የሚጨምር ነገር አለው ብለው ጠበቁኝ። ምንም አልጨመርኩም። ጋሼ መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ ሐኪሙን ለረጅም ጊዜ አዩ።

“በል አመስግንልኝ” አሉ። “ሰሞኑን እርግጠኛ ያልሆነ ሰው አጥቼ ነበር።”

ተረጎምኩለት። ሐኪሙ ምን እንደማለታቸው ሳይገባው ፈገግ አለና የኤክስሬዩን ክፍል በእጁ አሳየን። ጋሼ ሸሚዛቸውን አልለበሱም፤ ጨርቅ የሚነካው ጎን ነው። ጃኬቴን በቀኝ ትከሻቸው ብቻ ጣል አደረግሁላቸውና በኮሪደሩ ቀስ እያልን ሄድን።